ዳዊት የሚደገምበት ጠረጴዛ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እጄ አላርፍ ብሎኛል። ሰላም ለማለት እጇን የዘረጋችልኝን ሴት ጨብጬ መልቀቅ ሲገባኝ ጣቶቼ ወደ አንጓዋ ይሾልኩና የደም ሥሯ ላይ ያርፋሉ። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ አንዲት ጎረቤቴ «ሲስተር፣ ምነው? ታምሜያለሁ እንዴ?» ብላ ደነገጠች። «ኧረ ደህና ነሽ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው» አልኳት። ትርታዋ ግን ትንሽ ፈጠን ያለ ነበርና ቤቴ ገብቼ ስጨነቅላት ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ስልክ ደውዬ ምሳ በልታ እንደሆነ ጠየቅኋት።

ሥራዬ ይኸው ነበር፤ መጨነቅ። መንግሥት ያን ሁሉ ዘመን ደመወዝ የከፈለኝ ለዚሁ ነው ብል አልዋሸሁም። ወረቀቱ ላይ ያለው ስሜ የማደንዘዣ ነርስ ነው። ሐኪሙ ይቀድዳል፣ ይሰፋል፤ እኔ ከታማሚው ራስጌ ቆሜ እንዳይሞት እጠብቃለሁ። ደብረ ማርቆስ ባጃጅ ሳይገባባት ጀምሬ፣ በዙሪያዋ ባሉት የወረዳ ከተሞች ስዘዋወር ኖርኩ። የሠራሁባቸውን ሐኪም ቤቶች ስም አልጠራም። ዛሬ አብዛኞቹ ፎቅ ሆነዋል፤ ያኔ ግን በረዶ ሲጥል ከቆርቆሮው ጩኸት የተነሣ ሐኪሙ የሚለኝን አልሰማውም ነበር።

ፈሪ ሆኜ ነው የተወለድኩት። አባቴ ዲማ አካባቢ ቄስ ነበሩ። ወንድሞቼን ዳዊት ሲያስተምሩ እኔንም አብረው አስቀመጡኝ። ሴት ልጅ ምን ያደርግላታል ያሉ ዘመዶች አልጠፉም። አባቴ «ከሁሉም የምትፈራው እሷ ናት፤ ከሁሉም የሚያስፈልገው ለእሷ ነው» ብለው ዝም አሰኟቸው። ከፍ ስል ደግሞ እንዲህ አሉኝ፦ «ዳዊት ንጉሥ ስለሆነ ደፋር ይመስልሻል። ዋሻ ለዋሻ የተሰደደ፣ የገዛ ልጁ ያሳደደው ሰው ነው። መዝሙሩን ልብ ብለሽ ስሚው፣ ግማሹ ፍርሃት ነው። ልዩነቱ ፍርሃቱን አይደብቅም፣ ለእግዚአብሔር ይነግረዋል። እየተንቀጠቀጠ ይጀምራል፣ እያመሰገነ ይጨርሳል። መካከሉ ላይ ምን እንዳገኘ ግን ማንም አላየም።» እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ያንን መካከል ስፈልግ ኖርኩ ማለት ነው።

ዳዊት በቤታችን የሚደገመው ለየዕለቱ በተመደበለት ክፍል ነበር። የሰኞው አለ፣ የማክሰኞው አለ። አሥር አሥሩ መዝሙር አንድ ንጉሥ ይባላል። አባቴ አንድ ንጉሥ ሲጨርሱ ቆም ይሉና ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ የሚጸልዩላቸውን ሰዎች ስም በልባቸው ይጠራሉ። መጀመሪያ የሞቱትን፣ ቀጥሎ በሕይወት ያሉትን። የእኔ ስም የቱ ጋ እንደሚገባ ብዙ ጊዜ ከንፈራቸውን እያየሁ ለመገመት ሞክሬአለሁ። እዚያ ቦታ ሳይደርሱ ማቋረጥ የለም። ጥጃ ላሟን ጠብታ ብትጨርስ፣ እንግዳ ደጅ ቢቆም፣ ማንም «አባቴ» ብሎ አይጣራም። በሩ ላይ ቆመን እንጠብቃለን። ይህን የምናገረው በኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

የመጀመሪያ አለቃዬ ጋሽ ሰይድ ነው። የወሎ ሰው፣ ሙስሊም፣ እኔ ስመጣ ጎጃም ከገባ ብዙ ዓመት ያለፈው። ቁመቱ አጭር ስለነበር ከታማሚው ራስጌ የሚቆምበት የእንጨት መርገጫ አሠርቶ ነበር፤ ስንዘዋወር እንኳ ይዞት ይሄዳል። የኦክስጅኑን ሲሊንደር «አይቼዋለሁ» ብትለው አያምንም፤ ራሱ ከፍቶ በእጁ ጀርባ ንፋሱን ይቀበለዋል። ማዳመጫውን ከደረት ላይ ከማሳረፉ በፊት በመዳፉ ያሞቀዋል። ከሁሉም በላይ የማልረሳው ጣቶቹን ነው። ሥራው ከተጀመረ ጊዜ ጀምሮ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ከታማሚው ጆሮ ፊት ለፊት ካለችው ደም ሥር ላይ ይቀመጣሉ። በቀኙ መድኃኒት ይቀዳል፣ ይጽፋል፣ ያዛል፤ ግራው ግን ከዚያች ሥር አይነሣም።

ዛሬ ሁሉን ነገር የሚያሳይ ስክሪን አለ። ያኔ የነበረን አንድ የግፊት መለኪያ፣ አንድ ማዳመጫና የገዛ ራሳችን ጭንቀት ነው። ከወገብ በታች የሚያደነዝዘውን መርፌ ጀርባቸው ላይ የተወጉ ሰዎች ደግሞ አይተኙም። መጋረጃው በደረታቸው ላይ ይዘረጋል፤ ከመጋረጃው ወዲያ ይቀደዳሉ፣ ከመጋረጃው ወዲህ ነቅተው ጣሪያውን ያያሉ። እናም ዳዊት ይደግማሉ። ገበሬው የሚያውቃትን አንድ ሁለት መዝሙር፣ ቄሱ የዕለቱን ክፍል፣ መነኩሲቷ የቻለችውን ያህል። ጋሽ ሰይድ ግዕዝ አያውቅም። ግን ከመስማት ብዛት የትኛው ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚመጣ ያውቅ ነበር።

አንድ ቀን አንድ ቄስ እየደገሙ ሳለ ጋሽ ሰይድ በክርኑ ነካኝና «ይቺን ቅድም ብለዋታል» አለኝ። እውነትም ተመልሰው እዚያው ገብተው ነበር። ግፊታቸውን ስለካ ወርዷል። ፈሳሹን ከፈትንላቸው፣ ቆየት ብለው ወደ መንገዳቸው ተመለሱ። «ጆሮሽን ስጪው» አለኝ ስንወጣ። «ደም ከአናት ሲሸሽ መጀመሪያ የሚዛነፈው ቃል ነው።» ከዚያ ወዲህ ዳዊቱን በልቤ አብሬ እየደገምኩ መከተል ጀመርኩ። አንድ ስንኝ ሲዘል መለኪያውን አነሣለሁ። ብዙ ሰው በዚህ ተርፏል። አልደብቅም፣ ኮራሁበት። የቄስ ልጅ መሆኔ ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ እንዲህ ይጠቅመኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበርና።

ጋሽ ሰይድ ግን አንድ ነገር ይጨምር ነበር። «ጸሎቱን ብቻ አትመኚው። መሐል እየገባሽ ጠይቂያቸው።»

«ምን ብዬ?»

«ያላጠኑትን ነገር። በሬዎ መልኩ ምንድን ነው በያቸው። ማን ይዞዎት መጣ በያቸው። ጥያቄ ሰውየውን ከውስጥ ይጠራዋል።»

እሱ እንዲያ ያደርግ ነበር። ሽማግሌው በተመስጦ ሲደግሙ ጎንበስ ይልና «አባባ፣ ከብቶቹን ለማን ትተው መጡ?» ይላቸዋል። አንዳንዶቹ ይቆጡታል። እሱ ይስቃል፣ መልሱን ካገኘ ይበቃዋል። እኔ ግን አፈርኩ። በዳዊት መካከል ገብቶ ስለ በሬ መጠየቅ! አባቴ ቢሰሙኝ ምን ይሉኛል? ጋሽ ሰይድ አጠገቤ ሲሆን እጠይቃለሁ፤ ዞር ሲል እተወዋለሁ።

አንዴ ሻይ እየጠጣን «እነዚህ ሰዎች ግን የሚሉት ምንድን ነው? እኛም ዘቡር እንለዋለን፤ ውስጡን አላውቀውም» አለኝ። አባቴ ስለ ፍርሃት ያሉኝን ነገርኩት። ብርጭቆውን አስቀምጦ «እንግዲያው ዘቡር የኛ ሥራ መጽሐፍ ነው» አለ።

እሱ ወደ አገሩ ሲዛወር የእንጨት መርገጫውን ለእኔ ትቶልኝ ሄደ። አልፈልገውም ነበር፣ ረዥም ነኝ። ግን ስፈራ እቀመጥበታለሁ ብዬ ያዝኩት።

ከዚያ ብቻዬን ወደ አንዲት የወረዳ ከተማ ተመደብኩ። የቀዶ ሕክምናው ክፍል አዲስ ነው፣ ሐኪሙ ወጣት ነው፣ የምጠይቀው ታላቅ የለም። መሪጌታ ላቀውን ያመጧቸው ያኔ ነው። የደብረ ወርቅ ሰው፣ የዳዊት መምህር ናቸው፤ የዚያ አካባቢ ቄስና ዲያቆን ግማሹ ከእሳቸው እግር ሥር የተነሣ ነው። እጢ ሽንታቸውን ዘግቶባቸው፣ ካልወጣ የማይሆን ሆኖ ነበር። ባለቤታቸው እማማ ይመኙሻል እስከ በሩ ድረስ ተከትለው መጡና ክንዴን ያዙኝ።

«ልጄ፣ አደራሽን። እሳቸው ለራሳቸው አያውቁም። ሕመም ቢበረታባቸው እንኳ ዳዊቱን ሳይጨርሱ አመመኝ አይሉም።»

ይህን ነግረውኝ ነበር። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

መሪጌታ ጠረጴዛው ላይ ሲወጡ ነጩን ጥምጣማቸውን አላወልቅም አሉ። ማስወለቅ ነበረብኝ፤ ግን እንደ አባቴ አየኋቸውና ተውኩላቸው። መርፌውን ሰጠሁ፣ እግራቸው ከበደ፣ መጋረጃው ተዘረጋ። ማክሰኞ ነበርና የማክሰኞውን ጀመሩ። ድምፃቸው ጎርነን ያለ፣ ቃሉን አንድ በአንድ የሚያስቀምጥ ነው። ቀና ብለው አዩኝ።

«ከንፈርሽ ይንቀሳቀሳል። ዳዊት ትችያለሽ?»

«ትንሽ ትንሽ፣ የኔታ።»

«በይ ስሳሳት አርሚኝ። ደሞ ምን ያንቀጠቅጥሻል? የምቀደደው እኔ!» ብለው ሳቁ። ከዚያ በኋላ ለእኔ የተናገሩት ነገር የለም።

የግፊት መለኪያው ክንዳቸውን ሲያጠብቅ ቃላቸው ይቆራረጥ ነበር። ፊታቸውን ቋጠር አድርገው፣ እስኪለቃቸው ጠብቀው ይቀጥላሉ። እኔም ይቺን መዝሙር ይጨርሱና እለካለሁ አልኩ። ያቺን ሲጨርሱ ወደሚቀጥለው ገቡ። ያንንም ልታገሣቸው አልኩ። ጣቶቼ ከጆሯቸው ፊት ለፊት ነበሩ፣ ጥምጣሙ ግን ሥሯን ሸፍኗት ጨርቅ ነበር የዳሰስኩት። ታዲያ ለምን እጨነቃለሁ? ቃሉ አልተዛነፈም። አንድም ስንኝ አልተዘለለም። የንጉሡ ማብቂያ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ፣ ከንፈራቸው በዝምታ ተንቀሳቀሰ፣ ስሞቹን በልባቸው ጠሩ፣ ቀጠሉ። ከሁሉም ታማሚዎቼ በዚያን ቀን የተረጋጋሁት በእሳቸው ነው። ይህ ነው ዛሬም የሚያንገበግበኝ።

የንስሐው መዝሙር ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ዝቅ አለ። ከልባቸው እየጸለዩ ነው አልኩ። ሐኪሙ በዚያው ቅጽበት «ሲስተር፣ ደሙ አልቆም አለኝ» አለ። ደሙ ከሽንት ጋር ተቀላቅሎ በጨርቁ ሥር ይሄድ ስለነበር መጠኑን እሱም አላየውም ነበር። መለኪያውን ነፋሁት፣ አዳመጥኩ፣ ምንም የለም። ደግሜ ነፋሁት። ምንም። ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ከንፈራቸው ግን ዳዊቱን ይላል! ጥምጣሙን ገፍፌ ጣቶቼን ሥሩ ላይ ሳሳርፍ ልባቸው ቆመ፣ ዳዊቱም ያኔ ቆመ።

ደረታቸውን ተጫንኩ። መድኃኒቱን ሰጠን፣ ደጅ ከነበሩት ዘመዶች የተገኘውን ደም አስገባን። ተመለሱ። በሕይወት መመለሳቸውን ያየው ሐኪም ጓንቱን አውልቆ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም፤ ልብ ምን ያህል ጊዜ እንደቆመ፣ አናት ያለ ደም ምን ያህል እንደቆየ አስብ ነበር። ለዚያ ጭንቀት ሙያችን ዳዊትን የመሰለ ቃል የለውም። ያለው ትዕዛዝ አንድ ነው፣ መጠበቅ።

ከሁለት ቀን በኋላ ነቁ። ዓይናቸውን ከመግለጣቸው በፊት ቃላቸው መጣ፤ ከተቋረጠባት ስንኝ አንሥተው ቀጠሉ። ደጅ የነበሩት ዘመዶች እልልታውን አቀለጡት። ተአምር ነው፣ ዳዊት ጠበቃቸው ተባለ። እኔም መርገጫው ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ እማማ ይመኙሻል ገብተው እጃቸውን ያዙ።

«የኔታ፣ እንኳን እግዚአብሔር ማረዎ።»

መሪጌታ ትኩር ብለው አዩዋቸው። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉ በጨዋ ደንብ። «የማን ቤት እመቤት ነሽ?»

የዚያኑ ዕለት እማማን ወደ ጥላው ወስጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። መለካት ሲገባኝ እንዳልለካሁ፣ መጠየቅ ሲገባኝ እንዳልጠየቅሁ፣ አፋቸው እንዳታለለኝ። ከማን ልሰውረው? እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሰሙኝ። «ዳዊታቸውን ላለማቋረጥ ብለሽ ነው?» አሉ። አዎ አልኩ። «እኔም ሙሉ ዕድሜዬን አቋርጫቸው አላውቅም» አሉና እንባቸው ወረደ። በኋላ በመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ ተጠርቼ ያንኑ ተናገርኩ፣ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ያን ያህል አልከበደኝም። የከበደኝ ጋሽ ሰይድ ዘንድ የደወልኩት ስልክ ነው። ሁሉን ሰምቶ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ጠይቀሻቸው ነበር?»

«አልጠየቅኋቸውም።»

«ከእንግዲህ ጠይቂ» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ጠየቅሁ። ቄስ አልል፣ መነኩሴ አልል፣ በዳዊቱ መካከል እየገባሁ ስለ በሬው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቹ ጠየቅሁ። አንድ አባት «ዲያብሎስ ነሽ እንዴ የምታቋርጪኝ?» ብለው ጮኹብኝ። «ዲያብሎስ ስለ ጤፍዎ ምን ገዶት፣ አባ? ዘንድሮ እንዴት ነው?» አልኳቸው። እየተቆጡ መለሱልኝ፤ መልሳቸውን ስሰማ ልቤ አረፈ። ስክሪኑ መጥቶ ወጣቶቹ ዓይናቸውን እሱ ላይ ሲተክሉም እኔ መጠየቄን አልተውኩም። «ሲስተር ወሬኛዋ» ይሉኝ ነበር፣ ስቄ አልፋቸዋለሁ።

ደብረ ወርቅ መመላለስ ጀመርኩ። እረፍት ባገኘሁ ቁጥር ሚኒባስ ተሳፍሬ እሄዳለሁ። መሪጌታ ግድግዳውን ተደግፈው ጸሐይ ላይ ይቀመጣሉ። የሰኞውን ሰኞ፣ የማክሰኞውን ማክሰኞ ሳይሳሳቱ ይደግማሉ፤ ቀኑን የሚነግራቸው ሳይኖር። ሌላው ሁሉ ግን ጠፍቷል። ተማሪዎቻቸውን አያውቁም፤ አንድ ሁለት እያሉ ወደ ሌላ ጉባኤ ሄዱ። ልጃቸውን «ይቺ ልጅ ደግ ናት፣ የማን ናት?» ይላሉ። እኔን በየጊዜው እንደ አዲስ ሰው ይቀበሉኛል። ሰው «ዳዊቱ አለ፣ እሳቸው የሉም» ይላል። ትርታቸውን እየያዝኩ አብሬያቸው እደግማለሁ፣ መሐል እየገባሁ እጠይቃለሁ። ጥያቄዬን ታግሠው ሰምተው፣ ሳይመልሱ ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

እማማ ይመኙሻል የሚመኙት አንድ ነገር ነበር። «ጤና አልለምንም። አንዴ ብቻ እኔ መሆኔን አውቀው ስሜን ቢጠሩኝ፣ ይበቃኛል» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ከመኪና ወርጄ ሳልደርስ እማማ በመንገዱ ላይ ሮጠው መጡ፤ በዚያ ዕድሜ ሲሮጡ አይቼ ደነገጥኩ። «ጠሩኝ! ስሜን ጠሩኝ! ነይ ስሚ!» እጄን ጎትተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። መሪጌታ ንጉሡን ሲጨርሱ ቆም አሉ። ከሕመሙ በፊት ያን ቦታ በዝምታ ነበር የሚያልፉት፤ አሁን ግን መደበቁን ረስተውት ስሞቹን ጮክ ብለው ይሉ ጀምረዋል። የእናታቸውን፣ የአባታቸውን፣ የመምህራቸውን ነፍስ አሳርፍ አሉ። ወደ ሕያዋኑ ዞሩና መጀመሪያ «ዕቀባ ለአመትከ ወለተ ኪዳን» አሉ። ባሪያህን ወለተ ኪዳንን ጠብቃት። ወለተ ኪዳን የእማማ የክርስትና ስም ነው።

«ያን ሁሉ ዘመን በየንጉሡ ሲጠሩኝ ኖረዋል» አሉ እማማ ፊታቸው በርቶ። «አንድም ቀን አልነገሩኝም። አየሽ፣ ያውቁኛል!»

ዝም ማለት እችል ነበር። ግን አፍ ያታለለኝ ሰው ነኝና፣ ሌላውንም እንዳያታልል ፈራሁ።

«እማማ፣ ተስፋ ባያደርጉ ይሻላል። ይሄም የዳዊቱ አካል ሆኖ የቀረ ልማድ ነው። አፋቸው ነው እንጂ …»

እማማ አቋረጡኝ። «አፋቸውስ የማን ነው?» አሉኝ። ከዚያ ቡሃቃቸውን አንሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። መሪጌታ በመካከላችን ተቀምጠው ነበር፤ የተናገርነውን ሁሉ የተናገርነው በእሳቸው ፊት ነው። ሁሉም ሰው በፊታቸው እንደሌሉ ያወራ ነበር፤ እኔም እንደዚያው።

ጡረታ በወጣሁ ዓመት ልጃቸው ደወለችልኝ። እማማ በአጭር ሕመም አርፈዋል። በማለዳ ተነሥቼ ስደርስ አስከሬኑ ቤት ውስጥ ነበር፣ ካህናቱ ዳዊት እየተከፋፈሉ ይደግማሉ። አንዱ ንጉሡን ሲጨርስ ሌላው ይቀበላል። መሪጌታ እንደ ወትሮው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«ነግራችኋቸዋል?» አልኳት ልጃቸውን።

«ነገርናቸው። ዝም ብለው አዩን። ከዚያ ውኃ ስጡኝ አሉ።» ዓይኗን ጠረገች። «እሳቸው ምን ያውቃሉ፣ ሲስተር?»

ዳዊቱን ያከፋፍሉ የነበሩት ሽማግሌ ቄስ የመሪጌታ የቀድሞ ተማሪ ናቸው። «ለየኔታም አንድ ንጉሥ ስጧቸው» አሉ። «አፋቸው ያውቀዋል፤ ይድገሙላት።» ሰው ሁሉ አዝኖ ራሱን ነቀነቀ። እኔን ግን ጭንቅ ያዘኝ። ማብቂያው ላይ ሲደርሱ የሚሉትን አውቃለሁ። አስከሬናቸው ፊት ለፊት ተጋድሞ «ወለተ ኪዳንን ጠብቃት» ሊሉ ነው። ልጅቱ ይህን እንዴት ትችለዋለች? ሰዉስ ምን ይላል? ጎናቸው ሄጄ ተቀመጥኩ፤ ሲደርሱ በጥያቄ አቋርጣቸዋለሁ ብዬ ወሰንኩ። ዛሬም ጋሽ ሰይድ ያስተማረኝ ለደግ ነገር ይዋል አልኩ።

ጀመሩ። ያው ጎርናና ድምፅ፣ ያው አንድ በአንድ የሚቀመጥ ቃል። አልቸኮሉም፣ አልተንቀጠቀጡም። አሥረኛውን መዝሙር ሲያጋምሱ ይበልጥ ጠጋ አልኳቸው። ጨረሱ። ቆም አሉ።

የእናታቸውን ነፍስ አሳርፍ አሉ። የአባታቸውን። የመምህራቸውን። እዚህ ላይ ነው ወደ ሕያዋኑ የሚዞሩት። ላቋርጣቸው አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ግን ዝም ብለው ነበር። ዝምታው ረዘመ፤ የሚቀበለው ቄስ ያበቁ መስሎት ጉሮሮውን ጠረገ።

«አዕርፍ ነፍሰ አመትከ ወለተ ኪዳን» አሉ መሪጌታ። የባሪያህን የወለተ ኪዳንን ነፍስ አሳርፍ።

ከዚያ የልጆቻቸውን ስም ጠርተው፣ እያንዳንዳቸውን ጠብቅ ብለው፣ ለሚቀበለው ቄስ በእጃቸው ምልክት ሰጡ። ቄሱ መቀበል አቃተው። ልጃቸው «አባዬ» ብላ እግራቸው ላይ ወደቀች። ከተናገርነው ሁሉ ምን ያህሉን ሰምተው ኖረዋል? እኔ «አፋቸው ነው» ያልኩትንስ?

ፊታቸውን አየሁ፤ ምንም የለበትም። ድምፃቸውም ምንም አልነበረበትም። እጄ ሳላዘው አንጓቸውን ያዘ። ልባቸው ይሮጥ ነበር፤ እንደሚያሳድዱት ሰው ልብ ይመታ ነበር።

ጋሽ ሰይድ ቢሆን ጎንበስ ብሎ ይጠይቃቸው ነበር። እኔ ምንም አልጠየቅኋቸውም። ሌላው ቄስ ዳዊቱን ተቀብሎ ሲቀጥል፣ ልባቸው ቀስ እያለ እስኪረጋ ድረስ እጃቸውን ይዤ ተቀመጥኩ።